ፕላትሌት በጎተራ አይከርምም

ደም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ቀይ ፈሳሽ ነው። ከለጋሽ ክንድ ይቀዳል፣ በከረጢት ይታሸጋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል፣ በሽተኛ ሲመጣ ይወጣል፤ አለቀ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በአንድ ከረጢት ደም ውስጥ ጠባያቸው ፈጽሞ የማይገጥም ነገሮች አብረው ይኖራሉ። አንዱን የሚያቆየው ቅዝቃዜ ሌላውን ያበላሸዋል። አንዱ ከወር በላይ ሲቆይ ሌላው ሳምንት እንኳ አይሞላም። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ከሁሉም ይበልጥ ስለሚያስቸግረው፣ ስለ ፕላትሌት ነው።

አሳቡ ባጭሩ ይኸውና፦ ፕላትሌት በሽተኛን የሚጠቅመው ሰው ስለለገሰው ብቻ አይደለም። እንዴት ተወሰደ? እንዴት ተቀመጠ? የሚሉት ጥያቄዎች ይወስኑታል። ሁሉም ነገር በደንብ ቢሠራም እንኳ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ነው። ስለሆነም እንደ እህል በመከር ሰብስበን ለክረምት የምናስቀምጠው ነገር አይደለም።

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕላትሌት ምንድን ነው?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ደም ሕዋሳት ሦስት ነገር ተምረናል። ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ያመላልሳል፤ ነጭ የደም ሕዋስ በሽታ ይከላከላል፤ ፕላትሌት ደም ያረጋል። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። እስቲ ቆም ብለን እንየው።

ፕላትሌት ሙሉ ሕዋስ አይደለም፤ የሕዋስ ቁራሽ ነው። በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ ሜጋካርዮሳይት የሚባሉ ግዙፍ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ከአካላቸው እየቆረሱ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ቁራሹ ፕላትሌት ይባላል። ኒውክለስ የለውም። ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ያህል ነው፤ ይህም ማለት 400 ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ሳይነካ በደም ውስጥ ሲጓዝ ቅርጹ እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ነው። ይህን የሰሃን ቅርጽ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ማይክሮሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርስ ፕላትሌት ይገኛል። ማይክሮሊትር ማለት የአንድ ሚሊሊትር አንድ ሺኛ ነው። አንዱ ፕላትሌት የሚኖረው ከ8 እስከ 10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጣፊያና ጉበት ያስወግዱታል፤ መቅኒም ሌላ ይተካል።

ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ የደም ሥር ሲቀደድ ደርሶ መለጠፍ ነው። ከተቀደደው ቦታ ይጣበቃል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ እሾህ የመሰለ ክንድ ያወጣል፣ ሌሎቹን ይጠራል፤ ተያይዘውም ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ከዚያ ፋይብሪን የሚባለው ክር ይመጣና፣ ጭድ የግድግዳ ጭቃን እንደሚያጠነክር ሁሉ ድፍኑን ያጠነክረዋል።

ይህን ሥራ አስቀድሞ በግልጽ ያሳየው ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ ሲሆን ጊዜውም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በ1910 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ዱክ፣ ፕላትሌት አንሶት ይደማ የነበረ ሰው ደም ሲሰጠው ፕላትሌቱ ከፍ እንዳለና መድማቱም እንደተሻለው ጻፈ።

ሲያንስ ምን ይሆናል?

ሉኪሚያ የሚባለውን የደም ካንሰር እንውሰድ። ካንሰሩ የልጁን መቅኒ ይሞላዋል፤ ፕላትሌት የሚያመርቱት ሕዋሳት ቦታ ያጣሉ። መድኃኒቱ ደሞ ካንሰሩን ሲመታ መቅኒውንም አብሮ ይመታል። ስለዚህ ልጁ መዳን በጀመረበት ሰሞን እንኳ ፕላትሌቱ በጣም ሊወርድ ይችላል። ድዱ ይደማል፤ አፍንጫው ይነስራል፤ ቆዳው ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን አንጎል ውስጥ መድማት ነው።

በ1950ዎቹ በአሜሪካ ቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሉኪሚያ ያለባቸው ሕፃናት ይታከሙ ነበር። ከሚገድሏቸው ነገሮች አንዱና ዋናው መድማት ነበር። ደም ይሰጣቸው ነበር እኮ! ነገር ግን ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ደም መድማቱን አያቆምላቸውም። ኤሚል ፍራይራይክ የተባለው ሐኪም የጎደላቸው ፕላትሌት መሆኑን ተረድቶ አዲስ የተቀዳ ደም እንዲሰጣቸው አደረገ፤ መድማቱም ቆመ። እሱና ባልደረቦቹ በ1962 ባሳተሙት ጥናት የፕላትሌት ቁጥር እየወረደ በሄደ መጠን የመድማት አደጋ እየጨመረ እንደሚሄድ በቁጥር አሳዩ። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የእንዲህ ዓይነት በሽተኛ ፕላትሌት ከ10,000 በታች ከወረደ ባይደማም እንኳ አስቀድሞ ፕላትሌት ይሰጠዋል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ለእነዚያ ሕፃናት ደም አልጠፋም ነበር። የጠፋው በደህና የተያዘ ፕላትሌት ነው።

አወሳሰዱ፦ ጥራት የሚጀመረው ከክንድ ነው

ሀ/ ለጋሹ። ጤነኛ ሆኖ ፕላትሌቱ ግን ሥራ የማይሠራ ሰው ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ ያህል ለራስ ምታት አስፕሪን የዋጠ ሰው እንዲህ ነው። አስፕሪን በፕላትሌት ውስጥ ያለ አንድ ኤንዛይም ለዘለቄታው ያግዳል። ሌላ ሕዋስ ቢሆን አዲስ ኤንዛይም ሠርቶ ይተካ ነበር። ፕላትሌት ግን ኒውክለስ ስለሌለው አይችልም፤ እስኪሞት ድረስ እንደታገደ ይኖራል። የአስፕሪንን አሠራር በ1971 የገለጸው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ሲሆን በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆኗል። ስለዚህ በብዙ አገሮች አስፕሪን ከተዋጠ ቢያንስ 2 ቀን፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ የበለጠ ካላለፈ፣ ከዚያ ሰው ፕላትሌት አይዘጋጅም። ቀይ ሕዋሱና ፕላዝማው ግን ይጠቅማል። ስለሆነም «አስፕሪን ውጫለሁ» ብሎ መናገር ልገሳን አያስቀርም፤ ከረጢቱ ወደ ትክክለኛው ሥራ እንዲሄድ ያደርገዋል። ዝም ማለት ነው ጉዳቱ።

ለ/ ቆዳው። ቆዳችን ላይ ብንታጠብም ባክቴሪያ አይጠፋም። ባክቴሪያው ቆዳ ላይ እስካለ አይጎዳን ይሆናል፤ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናያለን። ስለዚህ ነርሷ ክንዱን በመድኃኒት ካበሰች በኋላ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ካበሰችውም በኋላ በጣቷ አትነካውም። በብዙ ቦታ ደሞ መጀመሪያ የሚወጣው 30 ሚሊሊትር ያህል ደም ወደ ትንሽ የጎን ከረጢት ይሄዳል፤ መርፌው ከቆዳ ቆርሶ የሚያስገባው ነገር ካለ እዚያ ይቀራል። እሱም አይጣልም፤ ለምርመራ ይውላል።

ሐ/ መርፌውና ሰዓቱ። የደም ሥር በአንድ ጊዜ መገኘት አለበት። መርፌው እየተገላበጠ ሥጋ ውስጥ ከተፈለገ ደሙ ከተቀደደ ሥጋ ጋር ይገናኛል፤ ፕላትሌትም «ቁስል አለ» ብሎ ሥራውን ይጀምራል። ከረጢት ውስጥ ሥራውን የጨረሰ ፕላትሌት በሽተኛ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው የለውም። ደሙ በደህና ከወረደ 450 ሚሊሊትሩ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። በብዙ መመሪያዎች ከ12 ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ የፈጀ ደም ለፕላትሌት አይውልም። ለዚህ ነው ለጋሹ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣ፣ ጣቶቹን እየጨበጠ ይዘርጋ የሚባለው።

መ/ ማደባለቁ። ከረጢቱ ባዶ አይደለም። ለ450 ሚሊሊትር ደም የሚሆን 63 ሚሊሊትር ፈሳሽ አስቀድሞ ይገባበታል። በውስጡ ያለው ሲትሬት ካልሲየምን ይይዛል፤ ካልሲየም ከሌለ ደም አይረጋም። ነገር ግን ደሙ ገና ሲገባ ጀምሮ በዝግታ ካልተደባለቀ፣ ፈሳሹ ያልደረሰበት ጥግ ይረጋል፤ ፕላትሌቱም እዚያው ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከረጢቱ ቀስ በቀስ በሚወዛወዝ ሚዛን ላይ ይደረጋል፤ ሚዛን ከሌለ በእጅ ይገለበጣል።

ሠ/ መንገዱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚገረመው። ለፕላትሌት የታሰበ ደም በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ አይገባም። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ ወደ ማዕከሉ መድረስና መለየት አለበት። በተለመደው ዘዴ ይህ በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል፤ በአውሮፓ በሚሠራበት ሌላ ዘዴ ደሙ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከማዕከሉ በጣም ርቆ የተቀዳ ደም ለቀይ ሕዋስ ደህና ሆኖ ለፕላትሌት ግን ሰዓቱ ሊያልፍበት ይችላል። ለጋሹ አንድ ነው፤ ክንዱም አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ለየው።

ረ/ መለየቱ። ጠላ ካደረ በኋላ አተላው እንደሚዘቅጥ እናውቃለን። ሴንትሪፉጅ የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ በፍጥነት በማሽከርከር ያደርጋል። መጀመሪያ በመጠኑ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ቀይ ሕዋስ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ፕላትሌት ከፕላዝማው ጋር ከላይ ይቀራል። ያ ላይኛው ወደ ሌላ ከረጢት ይገፋና በኃይል ሲሽከረከር አሁን ፕላትሌቱ ራሱ ይዘቅጣል። አብዛኛው ፕላዝማ ይቀነስና 50 ሚሊሊትር ያህል ይተዋል። ከዚህ በኋላ ከረጢቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይነካ ያርፋል። ወዲያው ቢነቀነቅ ፕላትሌቶቹ ተጣብቀው እንደ ጓጎለ ዱቄት ይሆናሉ፤ ካረፉ ግን በራሳቸው ይላቀቃሉ። ትዕግሥት እዚህ ቤት መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ መንገድ ከአንድ ለጋሽ ቢያንስ 55 ቢልዮን ፕላትሌት እንዲገኝ ይጠበቃል። ብዙ ይመስላል፤ ለአንድ ትልቅ ሰው ግን የ4 እስከ 6 ለጋሾች ከረጢት ተደምሮ ነው የሚሰጠው። ሌላም ዘዴ አለ። ለጋሹ ከመሣሪያ ጋር ይገናኝና ደሙ እየወጣ ፕላትሌቱ ብቻ ይቀራል፤ ሌላው ወደራሱ ይመለሳል። ይህ አፌሬሲስ ይባላል። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል፤ ከአንድ ሰው 300 ቢልዮን ያህል ይገኝበታል፤ ማለት አንድ ለጋሽ ብቻውን ለአንድ በሽተኛ ይበቃል። መሣሪያው ግን ውድ ስለሆነ በየቦታው አይገኝም።

አቀማመጡ፦ የሚተነፍስ፣ የማይበርደው፣ የማያርፍ

አሁን ሦስቱ የደም ክፍሎች ለየብቻ ሆነዋል። ቀይ ሕዋሱ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይገባል፤ እንደተጨመረለት ፈሳሽ ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ይቆያል። ፕላዝማው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያም በባሰ ቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ እስከ አንድ ዓመት ይቀመጣል። ፕላትሌቱ ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ላይ፣ እየተወዛወዘ፣ በተለመደው አሠራር 5 ቀን ብቻ።

ለምን አይቀዘቅዝም? ቀድሞ ይቀዘቅዝ ነበር። ሁሉም ነገር በብርድ ይቆያል ተብሎ ይታመን ስለነበረ ፕላትሌትም ከደሙ ጋር ፍሪጅ ይገባ ነበር። በ1969 ስኮት መርፊና ፍራንክ ጋርድነር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን ፈተኑት። ፕላትሌቶችን በጨረር ክሮሚየም ምልክት አደረጉባቸው፤ ከፊሉን በብርድ፣ ከፊሉን በክፍል ሙቀት አቆዩ፤ ከዚያም ወደ ሰው ሰውነት መልሰው ስንት ቀን እንደሚዘልቁ ቆጠሩ። የቀዘቀዙት ቶሎ ከደም ውስጥ ጠፉ። በክፍል ሙቀት የቆዩት ግን ለቀናት ዘለቁ። የዛሬው አሠራር መሠረት የተጣለው በዚህ ነው።

ምክንያቱስ? ያንን የሰሃን ቅርጽ እናስታውስ። ፕላትሌት ሲበርደው ሰሃንነቱን ትቶ ይድቦለቦላል፤ እሾህም ያወጣል። በላዩ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ይሰባሰባሉ፤ የቆየ እንደሆነም ከላያቸው የስኳር ሽፋን ይረግፋል። በ2003 በቦስተን ካሪን ሆፍማይስተርና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ሥራ፣ ጉበት ይህን ለውጥ እያየ የቀዘቀዘውን ፕላትሌት ከደም ውስጥ ለቅሞ እንደሚያስወግደው አስረዳ። ማለት ፕላትሌቱ ሲሰጥ ሞቶ ላይሆን ይችላል፤ ሰውነት ግን «ይህ ያረጀ ነው» ብሎ ያስወጣዋል።

«የክፍል ሙቀት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ማለት የማንኛውም ክፍል ሙቀት ማለት አይደለም። የጋምቤላ ቀንና የደብረ ብርሃን ሌሊት አንድ ክፍል አይሆኑም። ስለዚህ ፕላትሌት ሙቀቱ በቴርሞሜትር የሚጠበቅ የራሱ ሣጥን ያስፈልገዋል።

ለምን ይወዛወዛል? ፕላትሌት ከረጢት ውስጥም ሆኖ በሕይወት ነው። ግሉኮስ ይበላል፤ ኦክስጅን ይፈልጋል። በሚወዛወዝ መደርደሪያ ላይ በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል በዝግታ ወዲያና ወዲህ ሲል ኦክስጅን ለሁሉም ይዳረሳል። ወተት እንደሚናጥ አይደለም ታዲያ፤ ሕፃን እሽሩሩ እንደሚባል ነው። ከቆመ ፕላትሌቱ ይዘቅጣል፣ ይታፈናል። ለመንገድ ወይም መብራት ሲጠፋ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊታለፍ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን ጉዳት ነው።

ከረጢቱስ? ኦክስጅን ያጣ ፕላትሌት ግሉኮሱን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፤ ሯጭ ትንፋሽ ሲያጥረው ጡንቻው እንደሚያደርገው ማለት ነው። አሲዱ ሲጠራቀም ፒኤች ይወርዳል። ከ6.2 በታች ከወረደ ፕላትሌቱ ይበላሻል፤ ተመልሶም አይድንም። በፊት የነበረው የፕላስቲክ ከረጢት አየር በደንብ ስለማያሳልፍ ፕላትሌት የሚቆየው 3 ቀን ነበር። በ1980ዎቹ ኦክስጅን የሚያስገባና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስወጣ ፕላስቲክ ሲመጣ ወደ 5 ቀን ከፍ አለ። አየህ፣ አየሽ! የከረጢቱ ፕላስቲክ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። ከረጢቶቹን ማነባበር የተከለከለውም ለዚሁ ነው፤ የታችኛው ትንፋሽ ያጥረዋል።

ለምን 5 ቀን ብቻ?

በአዲሱ ከረጢት ፕላትሌት 7 ቀንም ሊቆይ እንደሚችል ታይቶ ነበር። በ1984 በአሜሪካ 7 ቀን ተፈቀደ። በ1986 ግን ወደ 5 ቀን ተመለሰ። ፕላትሌቱ ስለደከመ አይደለም፤ በባክቴሪያ ምክንያት ነው። ለፕላትሌት የሚመቸው ሙቀት ለባክቴሪያም ይመቻል። መርፌ ሲገባ አብረው የገቡ ጥቂት ባክቴሪያዎች በብርድ ቢሆን አብዛኞቹ ተኝተው ይቀሩ ነበር፤ እዚህ ግን በየሰዓቱ ይራባሉ። መቅኒው የደከመ በሽተኛ ደሞ የሚከላከልበት ነጭ ሕዋስ የለውም። ለማዳን የተሰጠው ከረጢት ሊገድለው ይችላል ማለት ነው። ዛሬ በአንዳንድ አገሮች ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩ በላቦራቶሪ ከተመረመረ 7 ቀን ይፈቀዳል።

ከላይ ስለ ክንድ ማበስ ያነሳነው ነገር ክብደቱ አሁን ይገባናል። ነርሷ መድኃኒቱ እስኪደርቅ የጠበቀቻት ግማሽ ደቂቃ በአምስተኛው ቀን የአንድ ልጅ ሕይወት ልትሆን ትችላለች።

ብርድስ ፈጽሞ ተረሳ? አልተረሳም። የቀዘቀዘ ፕላትሌት በሰውነት ውስጥ ብዙ ባይቆይም ወዲያው የሚፈስ ደምን ለማቆም ይችላል። ስለሆነም በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ የተለመደው ፕላትሌት በማይገኝበት ወይም በማያመችበት ጊዜ፣ እየደማ ላለ በሽተኛ ብቻ፣ በብርድ የተቀመጠ ፕላትሌት እስከ 14 ቀን እንዲውል ፈቀደ። በአደጋ ለቆሰለ ሰው ይጠቅማል፤ ፕላትሌቱ ለቀናት እንዲዘልቅለት ለሚፈልገው የሉኪሚያ ልጅ ግን መልስ አይሆንም።

በዓይን የሚታይ ምርመራ

ጥሩ ፕላትሌት ከመጥፎው በዓይን ሊለይ ይችላል ቢባል ማን ያምናል? ከረጢቱ ወደ ብርሃን ተይዞ በዝግታ ሲወዛወዝ፣ ጥሩ ከሆነ ውስጡ እንደ ሐር ጨርቅ እያብለጨለጨ፣ እንደ ጉም እየተጥመለመለ ይታያል። ምክንያቱ ያው የሰሃን ቅርጽ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ሲዞር አንዴ በጠርዙ፣ አንዴ በፊቱ ብርሃን ይመልሳል። የተድቦለቦለ ነገር ግን በየትም ቢዞር ያው ነው፤ ስለዚህ የተበላሸው ፕላትሌት ድፍን ብሎ ይታያል። የደም ባንክ ሠራተኞች ከረጢቱን ከመላካቸው በፊት ይህን ያያሉ፤ ጓጉሎ እንደሆነ፣ ቀለሙ ተለውጦ እንደሆነም ያያሉ።

ይህን በክፍል ውስጥ ያለ ላቦራቶሪ ማሳየት ይቻላል። እንደ ዕንቁ ከሚያብረቀርቁት ሻምፑዎች አንዱን አንድ ማንኪያ ወስደን፣ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በቀስታ በጥብጠን፣ በመስኮት ብርሃን እናዙረው። የሚጥመለመለው ብልጭታ የሚመጣው ሻምፑው ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ጠፍጣፋ ቅንጣቶች ነው። አጠገቡ ወተት ጠብ የተደረገበት ውኃ እናስቀምጥ፤ የወተት ቅባት ድቡልቡል ስለሆነ ቢዞርም አይጥመለመልም። ተማሪዎቹ ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ፤ እኛ የምንነግራቸው ምክንያቱን ብቻ ይሁን። የማስተማር ልምምድ ስንወጣ የሚጠቅመን ይመስለናል።

ታዲያ እኛን ምን ያገባናል?

በአገራችን የደም ባንክ ሥራ የተጀመረው በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። እነመርፊ ፍሪጅ ለፕላትሌት እንደማይሆን ባሳዩበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በ2012 ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከ18 እስከ 65 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነና ጤናው የተሟላ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ ይችላል። ይህ ማለት እዚህ ግድግዳ ፊት ቆመን የምናነበው አብዛኞቻችን ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ልገሳ የሚደረገው በዘመቻ ነው። አንድ ቀን ይወሰናል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሁላችንም ተሰልፈን እንሰጣለን፤ ከዚያ 3 ወር ዝም። ለቀይ ሕዋስ ይህ ደህና ነው፤ ከአንድ ወር በላይ ይቆያልና። ለፕላትሌት ግን አስቡት። ሰኞ ዕለት 240 ሰው ለገሰ እንበል። ፕላትሌቱ ቢዘጋጅ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በዚያ ሳምንት ካልተፈለገ ይጣላል። በሚቀጥለው ሳምንት ፕላትሌቷ የወረደ ልጅ ሆስፒታል ብትገባ ለጋሹ ሁሉ «በቅርቡ ሰጥቻለሁ፤ 3 ወሬ አልሞላም» ይላል። እውነቱን ነው፤ መመሪያው አይፈቅድለትም። 240 ሰው ለግሶ አንዲት ልጅ ታጣለች።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለሠልጣኞችም ለመምህራንም እናቀርባለን። 3 ወር ከ12 ሳምንት በጥቂት ቀን ብቻ ይበልጣል። ፈቃደኞች 240 ብንሆን በ12 ቡድን እንከፈል፤ በየሳምንቱ 20 ሰው ይለግስ። 12ኛው ቡድን ከጨረሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ የ1ኛው ቡድን 3 ወር ይሞላል፤ ዙሩም እንደገና ይጀመራል። ቁጥራችን ያው ነው፤ የሚወጣው ደምም ያው ነው፤ አዲስ ፕላትሌት የሚገኝበት ሳምንት ግን ከአንድ ወደ 12 ያድጋል። ቀኑና ቦታው ከደም ባንኩ ጋር በመነጋገር የሚወሰን ይሆናል፤ እነሱ ፕላትሌት የሚያዘጋጁበትን ቀንና የሚፈልጉትን መጠን ያውቃሉና።

ተራው የደረሰው ሰው የሚያደርገው ብዙ አይደለም። ባለፉት ቀናት አስፕሪን ውጦ እንደሆነ ሳይጠየቅም ይናገር። ትኩሳት፣ ቁስል ወይም የሆድ ሕመም ካለበት ተራውን ለሌላ ያስተላልፍ፤ በዚያ የሚያፍር አይኑር። በልቶና ውኃ ጠጥቶ ይሂድ። ክንዱ ከታበሰ በኋላ አይንካው። ሌላው የነርሷ፣ የሾፌሩ፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛና መደርደሪያውን የሚጠብቀው ሰው ሥራ ነው። አንዱ ቢያጓድል የሌላው ድካም ከንቱ ይሆናል።

ስም መመዝገቢያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል፤ 12 ዓምድ አለው። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ብቻ አንጨናነቅ።